ምላስ የሚይዝ ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቦሌ በእግሬ መሄድ ትቻለሁ። ጉልበቴ ደክሞ አይደለም፤ አጥሩን ፈርቼ ነው። በሄድኩበት ሁሉ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ሰው አለ። ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየሩን አሸታለሁ። የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ከነካው፣ የሚያልፍ ሲኖትራክ ጭስ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ እንኳ አመዴ ቡን ይላል። ልጄ "እማዬ፣ ኧረ ሰው እያየሽ ነው" ትለኛለች። ይየኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

የሽኝቴ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ስለ ትጋቴ ብዙ ተባለ። አንድም ሰው ያንን ቅጽ አላነሳም። እኔ ግን ከሱ ሌላ የማስበው አልነበረኝም። አሁን ቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ስለ ትጋቴ አይደለም፤ ስለዚያ ቅጽ ነው።

ስሜ ዘሃራ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ሱቅ ከፍቶ አሳደገን። ልጅ ሳለሁ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ሠራተኞቹ ከአንድ ግራጫ ነገር ላይ ደረሱ፤ በእጅ ሲያሹት እንደ ዱቄት ይሆናል። "አመድ ነው" አሉ። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ እዚህ ታች ማን እሳት አነደደ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ለብዙ ቀን ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድ አልኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ይሳቅ እንጂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ያንኑ ጥያቄ ነው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በአንድ የመንግሥት የቁፋሮ መሥሪያ ቤት በናሙና መዝጋቢነት ተቀጠርኩ። ሥራው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው፦ የቁፋሮው ማሽን መሬቱን እንደ ዘንግ አድርጎ ቆርጦ ያወጣዋል። ያን የድንጋይ ዘንግ ኮር እንለዋለን። ኮሩን ከወጣበት ጥልቀት ጋር በተራ በእንጨት ሳጥን ትደረድሪያለሽ፤ ትሰብሪያለሽ፤ ታያለሽ፤ ታሸቻለሽ፤ ያየሽውን በቅጽ ትሞያለሽ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ለታክሲ ይተርፍ ነበር፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። የመጀመሪያው አለቃዬ ሴት ማሽን አጠገብ ከቆመች ጉድጓዱ ይደርቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሳጥን አስቆጠረኝ።

ጋሽ ሐጎስን ያገኘኋቸው እዚያው መጋዘን ነው። የአዲግራት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠጠር የሚያብጥ። በሥነ ምድር ውጭ አገር ተምረው የመጡ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን መጡና ከሳጥኔ አንድ ኮር አንሥተው በመዶሻ ለሁለት ገመሱት። ስባሪውን ደጅ ፀሐይ ላይ አኖሩና አጠገቡ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንሥተው የተሰበረውን ፊት በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሰውየው ለይቶላቸዋል አልኩ በልቤ።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"እየጠየቅሁት ነው።"

"ድንጋዩን?"

"ድንጋይ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ቅጽ ነው። ነይ እስቲ፣ ምላስሽን አስነኪው።"

ፈራ ተባ እያልኩ አስነካሁት። ድንጋዩ ምላሴን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። ጮኼ ወደ ኋላ ስል እሳቸው ከት ብለው ሳቁ።

"ያዘሽ አይደል? የያዘሽ ባዶ ስለሆነ ነው። ሆዱ በሙሉ የተጠማ ቀዳዳ ነው፤ ምራቅሽን እየጠጣ ነው።"

"ካልያዘስ?"

"ካልያዘ ወይ ቀዳዳ የለውም፤ ወይ ቀድሞ የገባበት እንግዳ አለ። እንግዳው ውሃ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ይበቃዋል፤ ይሄዳል። ዘይት ከሆነ ግን አይሄድም። ምላስሽ ይንሸራተታል።"

የዚያን ዕለት የጀመረው ትምህርት ሃያ ዓመት ፈጀ። የልጅነት ጥያቄዬን የመለሱልኝም እሳቸው ናቸው። የመሬት ውስጡ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም። ተራራ ሲፈነዳ የቀለጠው ድንጋይ ውስጡ በታፈነው ትንፋሽ ይበጣጠስና ዱቄት ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። እያንዳንዷ ብናኝ የመስታወት ስባሪ ናት። ገና እንደጋለ ተመልሶ ከተከመረ እርስ በርሱ ይጣበቅና ብረት የሚፈትን ድንጋይ ይወጣዋል። ቀዝቅዞ ከወረደ ግን በላዩ በሚጫነው ክብደት ቀስ እያለ ይጠነክራል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው። ከዚያ ውሃ ይገባበታል። ውሃው መስታወቱን እየበላ አንዳንድ ቦታ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ወደ ጭቃ ለውጦ ይደፍነዋል። ስለዚህ ያው አንድ አመድ እዚህ ጎተራ፣ እዚያ ክዳን ይሆናል።

ጋሽ ሐጎስ ውጭ አገር የተማሩት ይህንን ጎተራ ነበር። በሩቅ አገር ከአመድ ድንጋይ ሆድ ነዳጅ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። ዘይቱ ከአመዱ አይወለድም። እናቱ በጥንት ባሕርና ሐይቅ ግርጌ የበሰበሰ ነፍስ የሞላበት ጥቁር ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ጥልቅ ተቀብሮ ሲሞቅ ዘይቱ ይወጣና ወደ ላይ መንገድ ይፈልጋል፤ ስንጥቅ ሲያገኝ በስንጥቁ ያልፋል፤ አመድ ድንጋይ ላይ ሲደርስ በየቀዳዳው ገብቶ ያርፋል። በላዩ ክዳን ካለው እዚያው ይኖራል። "አመድ እናት አይደለም ዘሃራ፣ ሞግዚት ነው፤ የሰው ልጅ ነው የሚያሳድግ" ይሉኝ ነበር።

አገራቸው ሲመለሱ የተሰጣቸው ሥራ ግን ውሃ መፈለግ ነበር። ቢሆንም በቆፈርንበት ሁሉ አመድ ድንጋይ ሲወጣ ምላሳቸውን ሳያስነኩ አያልፉም። አንድ ቀን ይንሸራተታል ብለው ይጠብቃሉ። ማሽነኞቹ "ጋሽ ሐጎስ፣ ዛሬስ ነዳጅ ወጣ ወይ?" እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸው አይቆጡም። "እሳት አመድ ወለደ ስትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔ አመድ እሳት ሲወልድ ሳላይ አልሞትም" ይላሉ።

ሌላው ቃላቸው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ነበር። ከመተሐራ ወዲያ ስንቆፍር የሆነውን አልረሳም። አንዲት ስባሪ ከማሽኑ አንሥተው እጃቸው ላይ ያዟት፤ ያዟት፤ አልጥላትም አሉ። ከዚያ ድንገት "ሁላችሁም ከዚህ ውጡ" ብለው ጮኹ። ድንጋዪቱ በመዳፋቸው ውስጥ አልበርድ ብላቸው ነው። ዞር ከማለታችን ከጉድጓዱ እንፋሎት እያፏጨ ወጥቶ እኔ የቆምኩበትን ቦታ ቀቀለው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እሳቸው ድንጋዪቱን ሰጡኝና "ነገረችን፤ ሰማናት፤ አለቀ" አሉኝ። ለእኔ ግን አላለቀም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽን ሲነሣ ከሁሉ ቀድሜ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ሰዎች ጠንቃቃ ይሉኝ ነበር። ፈሪ ነበርኩ እንጂ ጠንቃቃ አልነበርኩም፤ ልዩነቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በኋላ ጋሽ ሐጎስ ከመንግሥት ሥራ ለቀው ቦሌ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ቢሮ ወደነበረው አንድ የአፈር ምርመራ ድርጅት ሲገቡ እኔንም ወሰዱኝ። ሥራው ተለወጠ። ድሮ ድንጋዩ ምን አለው ብለን ነበር የምንቆፍረው፤ አሁን ድንጋዩ ሕንጻ ይሸከማል ወይ ነው። ባለቤቶቹ ይቸኩላሉ፤ አለቆቻችን ከባለቤቶቹ ይብሳሉ። የድርጅቱ ቅጽ ለምላስ ቦታ አልነበረውም። ጋሽ ሐጎስ በማስመሪያ መስመር አስምረው አንድ ዓምድ ጨመሩበት፤ ከላዩ "ምላስ" ብለው ጻፉ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። "ለሕንጻ ደግሞ ምላስ ምን ያደርጋል?" አለ። "በየማደያው ሥር የተቀበረ ታንከር አለ፤ ታንከር ደግሞ ያረጃል" አሉት። ሽታማ አይታመንም ነበር። ማሽኑ ራሱ ናፍጣ ያልበዋል፤ እጃችን፣ ልብሳችን፣ ሳጥኑ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ጾማችን መናገር አለብኝ። እኔ ረመዳንን እጾማለሁ፤ እሳቸው ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሳንዋዋል የተዋዋልነው ነገር ነበር። በእኔ ጾም ድንጋዩን እሳቸው ይነካሉ፤ በእሳቸው ጾም እኔ። "ዛሬ ምላሱ ያንቺ ነው" ይሉኛል፤ "ዛሬ የርስዎ ነው" እላቸዋለሁ። ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል፤ ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ከዚያ ሁለቱ ጾሞች የገጠሙበት ዓመት መጣ።

ቦታው ቦሌ ሚካኤል ነው፤ ከአባቴ አሮጌ ሱቅ ብዙም አይርቅም። ጥልቅ ምድር ቤት ያለው ሕንጻ ሊሠራበት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ማደያ አለ። ከላይ ያለው ድንጋይ እንደጋለ የተጣበቀው ጠንካራው ዓይነት ነበር፤ ስምንት ሳጥን ሞላን። እሱን በጾሙ ዋዜማ ጋሽ ሐጎስ ነክተውት "ይይዛል" ተብሎ ተጽፏል፤ እምብዛም ባይይዝም ይይዛል። በማግስቱ ጾሙ ገባ፤ ማሽኑም ከሥር ወዳለው ለስላሳ አመድ ገባ፤ አራት ሳጥን ወጣ። ያ አመድ ልጅ ሳለሁ የፈራሁት አመድ ነበር።

ያን ሰሞን የደም ግፊት ተነሥቶብኝ ቆይቶ ነበር፤ ሁለት ቀን ቤት ተኝቼ ነው የመጣሁት። ጋሽ ሐጎስ ጠዋት መጥተው አራቱን ሳጥን አዩ። "ዛሬ ምላስ ያለው ሰው ጠፋ" ብለው ሳቁ። "ስበሪና ፀሐይ ላይ አኑሪው። ቅዳሴ ገብቼ ከዘጠኝ በኋላ እመለሳለሁ።" ወደ ሚካኤል ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ሲል የበልግ ደመና ከምሥራቅ ተነሣ። አለቃዬ ከሩዋንዳው ቢሮ ደወለ። "ዘሃራ፣ የሕንጻው ባለቤት ቢሮ ተቀምጦ ቅጹን እየጠበቀ ነው፤ ሳጥኑንም ጭነሽ ነይ" አለኝ። አራቱ መስመሮች በምላስ ዓምድ ሥር ባዶ ነበሩ። ባዶ ይዤ ከሄድኩ ይቆጣል። ከላይ ያሉት ስምንቱ "ይይዛል" ይላሉ። እርሳስ አወጣሁና ለአራቱም "ይይዛል" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሐጎስ ቢሮ ሲመጡ ይነኩታል፤ ካልያዘ ይፍቁታል፤ በእርሳስ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው አልኩ። ዝናቡ ሳይደርስ ሳጥኖቹን አስጫንኩ።

እሳቸው ቢሮ ሲገቡ እኔ ለማፍጠሪያ ልደርስ ወጥቼ ነበር። ቤት ገብቼ ሾርባ ጣድኩ፤ ጨዉን በምላሴ ጫፍ ቀምሼ ተፋሁ፤ ትንሽ ጨመርኩበት። በማግስቱ ቅጹን ሳየው በእርሳስ የጻፍኩት በእሳቸው እስክሪብቶ ተደምቋል፤ ከሥሩ ፊርማቸው አለ። ነክተውታል ማለት ነው፤ ይዟል ማለት ነው። አልሃምዱሊላህ ብዬ ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ አለቃዬ ከቢሮው ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ቦሌ ሚካኤል ያለው ጉድጓድ ተቃጠለ" አለ። ማንም ምንም ሳይለኝ የትኛው ሳጥን እንደሆነ አወቅሁ።

ስደርስ እሳቱ ጠፍቷል። የጉድጓዱ አፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያወራል፤ እናቶች ይጮኻሉ። ወደ ታች አየሁ። ከጠንካራው ድንጋይ ሥር፣ ልክ አመዱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል። ናፍጣና ቤንዚን እንደ ላብ እየወዛ ይወርዳል። ከማደያው ታንከር ለስንት ዓመት ሲንጠባጠብ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ወርዶ፣ አመዱ ውስጥ ገብቶ፣ ከሥር በጭቃው ተይዞ ተኝቶ ነበር። ከላይ ክዳን ስላለው ሰፈሩ አልሸተተውም። ቆፋሪዎቹ ጎኑን ሲከፍቱት ትነቱ ወርዶ ጉድጓዱ ግርጌ ተኛ። ሦስት ሰዎች እዚያ ታች ፌሮ እያሰሩ ነበር። ሁለቱ ሮጠው አመለጡ። ሦስተኛው ሙሉጌታ የሚባል ፌራዮ ነው፤ ግራይንደሩን ይዞ ፌሮ ሲቆርጥ ብልጭታው ትነቱን አገኘው።

ጋሽ ሐጎስ በታክሲ መጡ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆመው የሚያብለጨልጨውን ግድግዳ አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በምላሳቸው የፈለጉት ዘይት ፊት ለፊታቸው ነበር። እዚያው ቁጢጥ አሉ።

"አመድ እሳት ወለደ" አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ዘሃራ፣ ቅጹ ላይ ይይዛል ያለው የማን ምላስ ነው?"

"እርስዎ አልነኩትም?"

"አንቺ ጽፈሽ አገኘሁት። አንቺ የነካሽው መስሎኝ አጸናሁት።"

"እኔማ ጾመኛ ነበርኩ ጋሼ!"

"ታመሽ ነበር፤ ለመድኃኒት ብለሽ ጾሙን ያፈረስሽ መሰለኝ። ጾመሻል ወይ ብዬ ልጠይቅሽ አፈርኩ።"

እሳቸው የእኔን ጽሑፍ አመኑ፤ እኔ የእሳቸውን ፊርማ አመንኩ። ድንጋዩን የጠየቀ አልነበረም።

ሙሉጌታን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፊቱ ግማሹ አይታይም። ብርቱካን ይዤ እንደ አንዲት የሰፈር ሴት ነው የገባሁት። በልቤ አታውቂውም፣ አያውቅሽም፣ ጠይቀሽው ውጪ እያልኩ ነበር።

"እትዬ፣ ከየት ነው የመጡት?" አለኝ።

"ከቦሌ ሚካኤል፤ ያደግኩት እዚያ ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

"ሽታው እኮ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ፎርማኑን ብጠይቀው፣ ግባ ባክህ፣ አፈሩ ተመርምሯል፣ ወረቀት አለው አለኝ። ወረቀት ካለውማ ብዬ ገባሁ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ይዤው ተመልሻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ነው ያየሁት።

ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሐጎስ ቤቴ መጡ። መርማሪ ኮሚቴ ሊጠይቀን ነበርና ምን እንደምንል ሊነጋገሩ ነው። እውነቱን እናገራለሁ፤ እኔ ልደብቀው ነበር የፈለግሁት። ታንከሩን የቀደድነው እኛ አይደለንም፤ ስለ ምላስ የሚያውቅ የለም፤ ዝም እንበል ልላቸው ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸውም ሁዳዴ ላይ ነበሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏልና ሥጋ የሌለበት ሾርባ ለይቼ ጣድኩላቸው። እያወራሁ ጨዉን በማንኪያ ጫፍ አንሥቼ በምላሴ ቀመስኩና መታጠቢያው ላይ ተፋሁት።

ጋሽ ሐጎስ አዩኝ።

"ዘሃራ፣ ጾመሻል አይደል?"

በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ጾሜያለሁ።"

"አሁን የቀመስሽው ጾም አያፈርስም?"

"ካልዋጥኩትማ አያፈርስም። ወጥ የምትሠራ ሴት እኮ..." አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ የተማርኩት ነው። በየረመዳኑ፣ በየቀኑ፣ በየድስቱ አደርገዋለሁ። ያን ዕለትም አራቱን ሳጥን ሳልነካ ቤቴ ገብቼ አድርጌዋለሁ። በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት። ድንጋዩም የሚፈልገው ያንኑ ነበር። ለሾርባ ጨው የፈቀድኩትን ምላስ ለሰው ነፍስ ነፈግኩት። ክልከላ አልነበረም፤ ልማድ ነበር። ዛሬ የርስዎ ነው፣ ዛሬ ያንቺ ነው የምንለው ያ የምኮራበት ጨዋታ ነበር።

አለቀስኩ። እሳቸው ተነሥተው ጋዙን አጠፉልኝ። "በቃ ጓለይ፣ በቃ" አሉኝ በቋንቋቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቆይተው ደግሞ "ከኮሚቴው በፊት ለልጁ ነው የምንነግረው። ነገ" አሉ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ ሄድን። ጋሽ ሐጎስ ሊጀምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና እኔ ጀመርኩ። ስለ ኮሩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ምላሱ፣ በእርሳስ ስለጻፍኩት ነገርኩት። ይጮኽብኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሙሉጌታ በአንድ ዓይኑ አየኝ።

"ምላስ ብቻ?" አለ። "ምላስ ማስነካት ብቻ ነበር የቀረው?"

"አዎ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይቅር አላለኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም። ዛሬ በግራ እጁ ብዕር ይይዛል፤ ቀኙ አይታዘዝለትም። ሩዋንዳ አካባቢ አንድ ሕንጻ ላይ ገቢና ወጪ ሰው ይመዘግባል። በበዓል ይደውልልኛል። ስልኩ ሲጠራ ስሙን ካየሁ ሁልጊዜ ልቤ ይወርዳል።

ለኮሚቴው ሁሉንም ተናገርን። ዋናው ጥፋት የታንከሩ ሆኖ ተገኘ፤ ለእኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ጋሽ ሐጎስ ሥራውን ተዉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ማስመሪያቸውን አውጥተው ከ"ምላስ" አጠገብ ሌላ ጠባብ ዓምድ አሰመሩ፤ "የማን" ብለው ጻፉበት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ድርጅቱ አዲስ ቅጽ አሳተመ። ሁለቱም ዓምድ አልነበሩበትም። እኔ እስከ ጡረታዬ በእጄ ሳሰምር ኖርኩ።

አሁን ይህን ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። በዚህ ረመዳን፣ ውሃ ስለሚጠፋብን የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች አዋጥተን ጉድጓድ አስቆፈርን። ከመንገዱ ማዶ ማደያ አለ። ማሽኑ ሲገባ ከመስኮቴ አየሁና መጋረጃውን ዘጋሁ። ሦስት ቀን ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁ፤ ማሽን ከጠንካራ ድንጋይ ወደ አመድ ሲገባ ድምፁ ይለሰልሳል። ነጠላዬን ተከናንቤ ወረድኩ።

ሥራውን የምትመራው ሕይወት የምትባል ኢንጂነር ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበር ሰጠችኝ።

"አይስጉ እትዬ። ጋዝ የሚለካ መሣሪያ አለን፤ ዜሮ ነው የሚለው፤ ይኸው ይዩት።"

"መሣሪያሽ ጥሩ ነው። ድንጋዩን ስጪኝ።"

ግራጫ ስባሪ ሰጠችኝ። ገመስኩትና ፀሐይ ላይ አኖርኩት። ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ወጥተው ያዩኛል። ሰዓቱ ሲሞላ አንሥቼ ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሕይወት ደነገጠች።

"እትዬ! ይጾሙ የለ እንዴ?"

"እጾማለሁ፤ እንኳን ጠየቅሽኝ። አይፈርስም።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚያብለጨልጨው ግድግዳ ታየኝ፤ የሙሉጌታ ፋሻ ታየኝ። ምላሴን አስነካሁት።

ያዘኝ። እንደዚያ እንደ መጋዘኑ ቀን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። ልላቀቅ አልፈለግሁም። እንባዬ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ እሱንም ጠጣው። ከዚያ አላቀቅሁት፤ ወደ ጎን ተፋሁ፤ አራት ጊዜ ሌላ ሌላ ስባሪ አስመጥቼ አራት ጊዜ ነካሁ።

"ቅጽሽን አምጪው" አልኳት። አመጣችው። ማስመሪያ አልነበራትም፤ በመሣሪያው ሳጥን ጠርዝ ሁለት መስመር አሰመርኩ። እርሳስ ሰጠችኝ፤ መለስኩላትና እስክሪብቶ ጠየቅኋት። በመጀመሪያው ዓምድ "ይይዛል" ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው "የኔ" ብዬ ጻፍኩ።